መጀመሪያ ገጹ፣ ኋላ ድንጋዩ፦ የሕግ ሰውን በዩኒቨርሲቲ ግቢ ለማሰብ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ግቢ ለሟች ዳኛ የተዘጋጀ መታሰቢያ ላይ ተገኝቼ ነበር። አዳራሹ ጢም ብሏል። ሞንታርቦው ይጮኻል። ከመድረኩ በላይ የሰውየው ፎቶ ያለበት ትልቅ ባነር ተሰቅሏል። አምስት ሰው ተናገረ። አምስቱም «ታላቅ የሕግ ሰው ነበሩ» አሉ። ተጨበጨበ፣ ውሃና ኬክ ታደለ፣ አለቀ። ስንወጣ አጠገቤ የነበረች የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ «ግን ምን ፈርደው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ዳኛ ሲወራ አንዲት ፍርድ አልተነበበችም።

ያቺ ጥያቄ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣችም። ከዚያ ወዲህ ድሬም ሆነ ሐረር እንዲህ ያለ ዝግጅት ላይ ባገዝኩ ቁጥር የምነሳው ከእሷ ነው። ገጣሚ ሲታሰብ ግጥሙ ይነበባል። ዘፋኝ ሲታሰብ ዘፈኑ ይከፈታል። የሕግ ሰው ሲሆን ግን ሥራው መዝገብ ቤት እንደተቆለፈበት ይቀርና ስሙ ብቻ ግድግዳ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ከታች ያለው ቅደም ተከተል ከተለመደው የተገለበጠ ነው። መጀመሪያ ገጹ፣ ማለትም ሰውየው የጻፈው ወይም የፈረደው፣ ይገኛል። ቀጥሎ ቀኑ ይዘጋጃል። ድንጋዩ፣ የመታሰቢያ ሰሌዳው ማለቴ ነው፣ መጨረሻ ይመጣል።

1. ማንን? ገጽ ያለውን ሰው

«የሕግ ሰው» ሲባል ካባ የለበሰ ዳኛ ብቻ አይታያችሁ። የእኛ አካባቢ ሰፊ ነው። ሐረር ለዘመናት ቃዲዎች፣ የሸሪዓ ዳኞች፣ የፈረዱባት ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው የኦሮሞ ገበሬ በሽማግሌዎቹ ሲዳኝ ኖሯል። ሶማሌው የራሱ የባህል ሕግ አለው። ድሬዳዋ ላይ የፌዴራሉም የከተማውም ፍርድ ቤት ጎን ለጎን ይሠራሉ። እንግዲህ ዳኛው፣ ጠበቃው፣ ቃዲው፣ ሽማግሌው፣ የሕግ መምህሩ፣ ሕግ አርቃቂው፣ ሁሉም በእኔ ዘንድ የሕግ ሰዎች ናቸው።

የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ተማሪ እጅ ላይ ሊቀመጥ የሚችል ገጽ አለው ወይ? ፍርድ፣ ረቂቅ፣ የመከራከሪያ ጽሑፍ፣ ማስተማሪያ ወይም በቃል የሰጠው ዳኝነት ተቀርጾ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ ሊሆን ይችላል። ገጽ ከሌለ ሌላ ሰው ፈልጉ፣ ወይም ገጹን ለማግኘት አንድ ዓመት ስጡት።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ሰው ልያዝ። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን። ልጅነታቸው ሐረር፣ የከተማዋ ገዥ በነበሩት በራስ መኮንን ቤት ነው። ከዚያ ሩሲያ ሄደው ተማሩ። ሲመለሱ ጨርጨርን ገዙ፣ አሰበ ተፈሪን ቆረቆሩ። ዛሬ ጭሮ የምንላት፣ ከድሬ ወደ አዲስ አበባ ስንወጣ የምናልፋት ከተማ ማለት ናት። በ1923 ዓ.ም. የወጣውን፣ የአገሪቱን የመጀመሪያ የተጻፈ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እሳቸው ናቸው። ኋላም ጣሊያን ሊወረን ሲል ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ለኢትዮጵያ ቆመው ተከራክረዋል። ለእኛ ምድር ቅርብ ናቸው፣ ገጽም አላቸው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። ሩሲያ የተማሩት የመድፈኛ መኮንንነት ነው፣ ሕግ አይደለም። ስለዚህ «የሕግ ምሁር» ብላችሁ አትጻፉባቸው። «አርቃቂ» በቂ ነው፤ እውነትም ነው። ሰውን ለማክበር ብሎ ያልሆነውን ማድረግ የመታሰቢያ ትልቁ በሽታ ይመስለኛል። የሠራው ሥራ ካነሰ ያን ጊዜም ቢሆን ልክ በልኩ ይጻፍ።

2. ገጹን ፍለጋ

ጊዜያችሁን የምታጠፉት እዚህ ነው። ቢያንስ ሁለት ወር ያዙ። ከተማሪዎች ሦስት ወይም አራት ሰው ይበቃል። የሚያነቡ ልጆች ይሁኑ እንጂ ብዛት አያስፈልግም።

የታተመውን አስቀድሙ። ሕግ የሚታወጅበት ነጋሪት ጋዜጣ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። አርቃቂ ወይም ሚኒስትር ከሆነ ሥራውን እዚያ ታገኙታላችሁ። ዳኛው የሕግ ስሕተትን በሚያርመው በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የተቀመጠ ከሆነ የሰበር ውሳኔዎች በቅጽ በቅጽ ታትመዋል። የዳኞቹ ስም ከውሳኔው ላይ ሰፍሯል። እዚህ ላይ የምወዳትን ምክር ልስጣችሁ። የአብላጫውን ድምፅ ብቻ አትመልከቱ፤ «የሐሳብ ልዩነት» የሚለውን ክፍል ፈልጉ። ዳኛ ብቻውን ቀርቶ የጻፈው ገጽ ላይ ሰውየው ራሱ ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ የሠራ ሰው ከሆነ ደግሞ ያኔ አዲስ አበባ የተከፈተው የሕግ ፋኩልቲ ያሳትመው የነበረውን የሕግ መጽሔት አገላብጡ። የፍርድ ዘገባዎች ወጥተውበታል።

ያልታተመው ፍርድ ቤት ነው ያለው። በኮሌጁ ደብዳቤ ሬጅስትራሩን ጠይቁ። አሮጌ መዝገብ ሲወጣ አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ አላውቅም። በክር የታሰረ፣ ጠርዙ እንደ ቂጣ የሚፈረካከስ ወረቀት ነው። ከላይ የመዝገብ ቁጥር በቀይ እስክሪብቶ። ውስጡ የካርቦን ግልባጭ፣ ፊደሉ ወይን ጠጅ ሆኖ የፈዘዘ። መጨረሻ ላይ ፊርማ፣ አጠገቡ የደበዘዘ ማኅተም። እሱን ገጽ በስልካችሁ ስታነሱ ፍላሽ አታብሩ፤ ጽሑፉን ያነጣዋል። መስኮት አጠገብ ወስዳችሁ በቀን ብርሃን አንሱት። እዚያው ቁጭ ብላችሁም በእጅ ገልብጡት። ፎቶው ደብዝዞ ቢገኝ የሚያድናችሁ የእጅ ግልባጩ ነው።

«የቅጂ መብትስ?» ትሉኛላችሁ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 410 ሕግንና የፍርድ ውሳኔን የመሰሉ ኦፊሴላዊ ጽሑፎችን ከጥበቃ ውጪ አድርጓቸዋል። አባዝታችሁ ብታድሉ የሚከሳችሁ የለም። ሰውየው የጻፈው መጽሐፍ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጥበቃው ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ያኔ ወራሾችን ወይም አሳታሚውን ማስፈቀድ ግድ ነው። የቤተሰብ ጉዳይ ወይም ልጅ ያለበት ፍርድ ከመረጣችሁ የባለጉዳዮቹን ስም ሰርዙት። ድሬ ላይ ሰው ይተዋወቃል። ከ30 ዓመት በፊት የሆነ ፍቺ ዛሬም ሰፈር ውስጥ ይታወሳል።

ከተገኘው ሁሉ አንድ ገጽ ምረጡ። አንድ ብቻ። ለተክለ ሐዋርያት እኔ የምመርጠው የ1923ቱን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 32 ነው። ሕዝቡ ራሱ መምረጥ እስኪችል ድረስ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን መኳንንቱና ሹማምንቱ ይመርጧቸዋል የሚለውን። ባጠቃላይ 55 አንቀጽ ካለው ሰነድ ለምን እሱን? ጎኑ ላይ ዛሬ በሥራ ላይ ያለውን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 38 አድርጉት፤ የመምረጥና የመመረጥ መብትን። ሁለቱን ያነበበ ተማሪ መከራከር ይጀምራል። «እስኪችል ድረስ» ማለት እስከ መቼ ነው? መቻሉን የሚወስነው ማነው? እዚህ ጋ ክርክሩ ከተነሣ ሰውየው ታስቧል ማለት ነው። ሥራውን መተቸት እሱን ማዋረድ አይደለም። ለሕግ ሰው ከዚህ የበለጠ ክብር እኔ አላውቅም።

ገጹ በአማርኛ ይሁን። ይህን አጥብቄ የምለው ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ነው። ልጆቹ አምስት ዓመት በእንግሊዝኛ ተምረው ችሎት ሲቆሙ የሚገጥማቸው የአማርኛው ሕግ ነው። «ይርጋ»፣ «መቃወሚያ»፣ «አፈጻጸም» የሚሉትን ቃላት በወጉ የሚያገኟቸው ብዙ ጊዜ ከምረቃ በኋላ ነው። ከአማርኛው ጎን ኦሮምኛና ሶማልኛ ትርጉም ጨምሩ፤ ሐረር ከሆነም ሐረሪውን። ተማሪዎች ይተርጉሙት፣ በየቀኑ ችሎት ላይ የሚያስተረጉም ሰው ደግሞ ይየው። የፍርድ ቤት አስተርጓሚዎች የሕግ ቃል በሦስት ቋንቋ አፋቸው ላይ ነው። እስካሁን ጠይቄ እምቢ ያለኝ የለም።

3. ቤተሰቡ ጋ መሄድ

ስልክ ደውላችሁ «መታሰቢያ ልናዘጋጅ ነው» አትበሉ። በሚያውቃቸው ሰው በኩል አስነግሩና ሂዱ። ሁለት ሆናችሁ፣ አንደኛዋ ሴት ብትሆን ይመረጣል። ባዶ እጅ አይኬድም። ስኳርም ብርቱካንም ይሁን፣ ብቻ ያዙ።

የነገርኳችሁ ባነር ላይ የሰውየው የአባት ስም ተሳስቶ ነበር። አንድ ፊደል ናት የተሳሳተችው። ባለቤታቸው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ሁለት ሰዓት ሙሉ እሱን ሲያዩ ቆዩ። ኋላ ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ስጠይቅ «ልጄ፣ እኔ እኮ ስሙን 40 ዓመት ጽፌዋለሁ፤ ብትጠይቁኝ ምን ነበረበት?» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ያ ይበልጥ ከበደኝ።

ስለዚህ ይህን ጠይቁ። ስሙን በእጃቸው ይጻፉላችሁ። ማዕረጉን፣ የተወለደበትንና ያረፈበትን ቀን፣ የትኛውን ፎቶ እንደሚወዱ ጠይቁ። ከሁሉም በላይ ደግሞ እንዲነሣ የማይፈልጉት ነገር ካለ ጠይቁ። የታሰረ፣ የተሰደደ፣ ከሥራ የተባረረ የሕግ ሰው በአገራችን ጥቂት አይደለም። ያ ታሪክ ይነገር አይነገር የሚለው ቤተሰቡን የሚነካ ነው።

ፎቶና ሰነድ ከቤት ይዛችሁ አትውጡ። «ነገ እንመልሳለን» ተብሎ የወጣ አልበም ስንት ዓመት ቆይቶ ሳይመለስ የቀረባቸው ቤቶች አውቃለሁ። ኮፒውን እዚያው ጠረጴዛቸው ላይ በስልክ ውሰዱ፣ ለእነሱም በፍላሽ አድርጋችሁ ስጡ።

ተዝካሩ፣ ሰደቃው፣ ዱዓው የቤተሰቡ ነው። ዩኒቨርሲቲ ከሃይማኖት ነጻ የሆነ ተቋም ስለሆነ ግቢ ውስጥ አንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት ይበቃል። ቤተሰቡ የራሱን ሥርዓት ሲያደርግ ከአዘጋጆቹ ሁለት ሰው ቢገኝ ግን ወጉ ነው።

4. ደብዳቤው

ባጭሩ ልለፈው። ጥያቄው ከትምህርት ክፍሉ ወይም ከሕግ ተማሪዎች ማኅበር ተነሥቶ ለዲኑ ይገባል፣ በአካዳሚክ ኮሚሽን ይታያል። የአንድ ቀን ዝግጅት ብቻ ከሆነ እዚያው ያልቃል። አዳራሽ ወይም ሕንፃ በስሙ እንዲሰየም ከፈለጋችሁ ግን ወደ ላይ መሄዱ አይቀርም፣ ጊዜም ይወስዳል። ሁለቱን በአንድ ደብዳቤ አትጠይቁ። ስያሜው ሲጓተት ቀኑም አብሮ ይንጠለጠላል። ደብዳቤው ላይ የመረጣችሁትን ገጽ አባሪ አድርጉት። የሚፈርመው ሰው ራሱ ካነበበው ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል።

ገንዘብ ብዙ አይጠይቅም። ትልቁ ወጪ ኅትመት ነው። ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቡ። ቲሸርት አታሠሩ። በቲሸርቱ ገንዘብ ገጹን ለግቢው የሕግ ተማሪ ሁሉ ማተም ይቻላል።

5. ቀኑ

ከልደትና ከሙት ዓመት ሌላ የሥራው ቀን አለ። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት የተፈረመው ሐምሌ 9 ነው። ሐምሌ ላይ ግን ግቢው ወይ ፈተና ላይ ነው ወይ ባዶ ነው። ተማሪ የሌለበት መታሰቢያ ለወንበር ንግግር ማድረግ ነው። እኔ ብሆን ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ አንድ ቀን እመርጣለሁ። ድሬም ያኔ ትንሽ ትተነፍሳለች።

ሰዓቱን በደንብ አስቡበት። ድሬ ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ሰው አይሰበሰብም። ሙቀቱ አለ፣ የከሰዓት ዕረፍቱ አለ፣ በርጫው አለ። «ከሰዓት 8 ሰዓት» ብላችሁ ብትጠሩ «አቦ ማን ይመጣል!» ነው መልሱ። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ጀምሩ፣ 5 ሰዓት ሳይሞላ ጨርሱ። ሐረር ወይና ደጋ ስለሆነ ይሻላል፤ እዚያም ቢሆን ጠዋት ነው የሚሻለው። ዓርብ ከሆነ የጁምዓ ሰዓት እንዳይነካ ተጠንቀቁ። እንግዶቹ ሳይሄዱ ፈቲራና ሻይ በወተት ብታቀርቡ ከኬኩ ይልቅ ይወደዳል፤ ሐረር ላይ ደግሞ ሆጃ፣ የአገሬው ትኩስ መጠጥ።

መርሐ ግብሩ አጭር ይሁን። የእንኳን ደኅና መጣችሁ ንግግር አምስት ደቂቃ። ከዚያ ወዲያው ንባብ። ገጹ ቀድሞ በየወንበሩ ላይ ይቀመጥ። አንድ ተማሪ በአማርኛ ቆሞ ያንብበው፣ ቀጥሎ በኦሮምኛ፣ ቀጥሎ በሶማልኛ። ቀስ ተብሎ ይነበብ። አንዴ አንብባችሁ ስትጨርሱ ትንሽ ዝም በሉ። አዳራሹ ውስጥ ወረቀት ሲገለበጥ ትሰማላችሁ። ያኔ ሰው እያነበበ ነው።

ከንባቡ ቀጥሎ ምስለ ችሎት፣ የተማሪዎች የልምምድ ችሎት ማለት ነው። ዳኛ ከሆነ የታሰበው፣ የራሱን መዝገብ እንደገና አከራክሩበት። ሁለት ተማሪዎች ለከሳሽ፣ ሁለት ለተከሳሽ፣ ሦስት ተማሪዎች ዳኛ። ሰውየው እንዴት እንደፈረደ ለተከራካሪዎቹ አትንገሯቸው። እነሱ ከፈረዱ በኋላ የእሱ ፍርድ ይነበብ። የሚገርመው ልጆቹ ብዙ ጊዜ ሌላ ይፈርዳሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት ጭቅጭቅ የቀኑ ዋና ነገር ነው። አታቋርጡት። የግድ የሚቋረጥ ነገር ካለ ተናጋሪ እንግዳ አቋርጡ።

የታሰበው የዱሮ ዘመን ሰው ከሆነ የዱሮውን የሙግት ወግ፣ «በላ ልበልሃ»ን፣ ሞክሩ። ተሟጋቾቹ ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ዘንግ ይዘው፣ በግጥም በተረት እየተነጋገሩ ይሟገቱ። ባለዕዳና ባለገንዘብ ነጠላቸው ተቋጥሮ እንዴት ቁራኛ ይሆኑ እንደነበር አሳዩ። ለማዝናናት ብቻ አይደለም። የዛሬው የመስቀለኛ ጥያቄ ፈረንጅ ያመጣልን ብቻ እንዳልሆነ ልጆቹ በዓይናቸው ያያሉ። ቃዲ ከሆነ የታሰበው ደግሞ ስለ ተከራካሪዎች ፈቃድ አንድ መዝገብ ውሰዱ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 188 የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤት ጉዳይ የሚያየው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው ይላል። ከተከራካሪዎቹ አንዱ ዝም ቢልስ? ጥሩ የክርክር ጭብጥ ይወጣዋል።

መብራት ይጠፋል ብላችሁ ተዘጋጁ። ፕሮጀክተር ላይ የተንጠለጠለ ዝግጅት መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ወረቀት እጃችሁ ላይ ካለ ግን በመስኮት ብርሃን ይቀጥላል።

6. ድንጋዩ

አሁን ወደ ግድግዳው። ሐውልት ከማሰባችሁ በፊት ጽሑፍ ያለበት ሰሌዳ ይቅደም። ሐረር ላይ የራስ መኮንን ሐውልት በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ሲፈርስ ሁላችንም አይተናል። ለአንዱ አባት የሆነ ለሌላው ቁስል ሊሆን ይችላል። ግቢ ውስጥ ከየብሔሩ የመጣ ልጅ ነው ያለው። እንዲህ ያለ ነገር ከመቆሙ በፊት ከተማሪው ጋር ተነጋገሩ። ሥራው ከነድካሙ የተጻፈበት ሰሌዳ ለንግግር ቦታ ይተዋል።

ከዚያው ከሐረር ሌላ ትምህርት አለ። የፈረንሳዊው ገጣሚ የራምቦ ቤት እያልን እንግዳ የምንወስድበት ያ ውብ የእንጨት ቤት፣ ከገጣሚው ዘመን በኋላ በሕንዳዊ ነጋዴ እንደተሠራ ነው የሚነገረው። ቤቱ ዛሬም ሰው ይጠራል። የሚጠራው ግን ውስጡ በተሰቀሉት የድሮ ሐረር ፎቶዎችና በንባብ ክፍሉ ነው። እናንተም ሰሌዳው ላይ «እዚህ ኖረ»፣ «እዚህ አስተማረ» ከማለታችሁ በፊት እርግጠኛ ሁኑ። ካልሆነ ሥራውን ብቻ ጻፉ።

ለተክለ ሐዋርያት እኔ ብጽፍ እንዲህ እጽፍ ነበር፦

«በጅሮንድ፣ ፊታውራሪም ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የተፈረመውን የኢትዮጵያ የመጀመሪያ የተጻፈ ሕገ መንግሥት አረቀቁ። ጨርጨርን ገዝተዋል፣ አሰበ ተፈሪን ቆርቁረዋል። አንቀጽ 32ን ከታች ያንብቡ።»

ከዚያ አንቀጹ እንዳለ። «ታላቁ»፣ «ስመ ጥሩው» የሚል ቃል የለበትም። አንቀጹን ያነበበ ይፍረድ።

ማዕረጉ ራሱ ሥራ አለው። ሕገ መንግሥቱን ባረቀቁ ጊዜ በጅሮንድ ነበሩ፤ በመጻሕፍት ላይ ግን ፊታውራሪ ተብለውም ይገኛሉ። አንዱን ብቻ ከጻፋችሁ «ተሳስቷል» የሚል ሰው አይጠፋም። ሁለቱንም አስገቡ።

የዘመን ስሌት ላይ ብዙ ሰሌዳ ይበላሻል። የፈረንጁን ዓመት መጨመር ከፈለጋችሁ ሁልጊዜ 8 አትደምሩ። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ጁላይ 16 ቀን 1931 ነው፤ ልዩነቱ 8። አሁን ያለው ሕገ መንግሥት የጸደቀበት ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ግን ዲሴምበር 8 ቀን 1994 ነው፤ ልዩነቱ 7። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 21 ወይም 22 ድረስ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ነው። የሐረር ቃዲ ከሆነና ቀኑ በሂጅራ ከተጻፈ በጣት አትቁጠሩት። ዓመቱ በጨረቃ ስለሚሄድ የሚያውቅ ሰው ያስላው።

ፊደሉንም ተመልከቱ። «ሕግ» በሐመሩ ሐ ነው። «ፍትሕ» መጨረሻው ላይም እንዲሁ። «ሠራ» በንጉሡ ሠ። የስም ፊደል ግን ቤተሰቡ በእጁ እንደጻፈላችሁ ነው እንጂ እናንተ እንደምታውቁት አይደለም። ቀራጩ ኮምፒዩተር ላይ የእናንተ የአማርኛ ፎንት ላይኖር ይችላል። በዎርድ ከላካችሁለት ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይከፈትና እሱ መልሶ ይተይበዋል። ስሕተት የምትገባው እዚያ ላይ ነው። በፒዲኤፍ ላኩ። ከዚያ ልኩን በወረቀት አሳትማችሁ ግድግዳው ላይ ለጥፉትና ሦስት ሰው ጮክ ብሎ ያንብበው። አንደኛው ከቤተሰቡ ይሁን። መሮው ድንጋዩን የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው።

ነሐስ አትምረጡ። ቆራሌው አለ፤ ውጪ የተሰቀለ ነሐስ ዕድሜው አጭር ነው። ፕላስቲክ ባነር የድሬ ፀሐይ ከወራት በላይ አያቆየውም፤ መጀመሪያ ቀዩ ይጠፋል፣ ከዚያ ፎቶው ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። እብነ በረድ ወይም ሌላ ጠንካራ ድንጋይ ውሰዱ። ፊደሉ ጠለቅ ብሎ ይቀረጽ። ከላይ የተቀባ ብቻ ከሆነ ቀለሙ ሲላቀቅ ጽሑፉም ይሄዳል፤ የተቀረጸ ከሆነ ግን ቀለሙ ቢለቅም በጣት ይነበባል። የምስለ ችሎት ክፍል በር አጠገብ፣ በተማሪ ዓይን ከፍታ ስቀሉት። በዋናው በር ላይ ከተሰቀለ ባጃጅ የሚጠብቅ ሰው ጀርባውን ሰጥቶት ይቆማል። የችሎት ክፍሉ በር ላይ ግን ተማሪው ክርክሩን ሲጠብቅ ምን እንደሚያደርግ ስለማያውቅ ያነበዋል።

ኪውአር ኮድ ብታደርጉበት ደስ ይላል፤ ሙሉው ሰነድ ይከፈታል። ማስፈንጠሪያው ግን ከጊዜ በኋላ ሊሞት ይችላል። የታተመ ቅጂ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ፣ አንድ የፍርድ ቤቱ ቤተ መጻሕፍት፣ አንድ ደግሞ ቤተሰቡ ጋ።

7. በዓመቱ

አንድ ጊዜ ተደርጎ የቀረ መታሰቢያ ብዙ አይቻለሁ። የሚቀጥለው ከወዲሁ ሲታሰብ ብቻ ነው። እኔ የማደርገው ይህን ነው። አንድ ተራ የካርቶን ፋይል ይከፈታል። ገጹ፣ ቃለ ጉባኤው፣ የቤተሰቡ አድራሻ፣ ወጪው፣ ያልተሳካው ነገር ሁሉ ይገባበታል። ፋይሉን የምትይዘው ተመራቂ ያልሆነች ተማሪ ናት። ጂሲ፣ ተመራቂ ማለት ነው፣ ከያዘው ሰኔ ላይ አብሮ ይሄዳል።

ሽልማት ካሰባችሁ ዋንጫ አታስቡ። በግቢው የነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ውስጥ በዓመቱ ምርጡን አቤቱታ ለጻፈ ተማሪ በሰውየው ስም አንድ ጥሩ የሕግ መጽሐፍ ስጡ። አቤቱታው ግልጽ መሆኑን የሚመዝኑት መምህራን ብቻ አይሁኑ። ባለጉዳይዋን፣ ለምሳሌ ቀለብ ልትጠይቅ የመጣችውን እናት፣ በራሷ ቋንቋ አንብቡላትና «የምፈልገው ይሄ ነው» ካለች ነጥብ ስጡት።

ቀኑ ሳያልቅ አንድ የመጨረሻ ሥራ አለ። ሰው ተነሥቶ ሻይ ላይ ሳለ በሩ አጠገብ ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ የያዘ ልጅ ይቁም። የሚወጣውን ሁሉ «የሚቀጥለው ዓመት የማን ገጽ ይነበብ?» ብሎ ይጠይቅ። ባለፈው ድሬ ላይ ይህን ስናደርግ አንድ አዛውንት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የነበሩ ሰው ስም አልነገሩንም። ኪሳቸው ገብተው አራት ቦታ የታጠፈ የካርቦን ግልባጭ አወጡና ለልጁ ሰጡት። «ይሄን አንብቡት» አሉ። ፋይሉ ውስጥ አስገብተነዋል።